ወሬና ዋጋ በመንዝ ገበያ፤ ከነጋሪት እስከ እጅ ስልክ

«የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በንግድ ሥራ ውስጥ ያለው ሚና» የሚል ርዕስ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ወደ ሳተላይቱና በኪሳችን ይዘነው ወደምንዞረው ስልክ ነው። ይሁንና ነጋዴ ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊትም ነጋዴ ነበር፤ ወሬ ፈላጊም ነበር። «እዚያ ማዶ ገበያው እንዴት ዋለ?» የሚለው ጥያቄ ዕድሜው ከአሞሌ ጨው አያንስም። ዕቃን ከቦታ ወደ ቦታ ማጓጓዝ የንግድ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የዕቃውን ዋጋ ወሬ ከዕቃው አስቀድሞ ማግኘት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ሁለተኛውን ግማሽ በአንድ አገር ታሪክ ላይ መፈተሽ ነው። አገሩ ሰሜን ሸዋ፣ በተለይም የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ነው። መንዝ በጥንት አከፋፈሉ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይታወቃል። በስተ ደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በስተ ምዕራብ ዓዳባይና ወንጪት፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደው ገደል ያጥሩታል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ብርዱ ገብስና ባቄላ እንጂ ጤፍ እንደ ልብ አያበቅልም፤ የገበሬው ባንክ በጉ ነው። ከሸለቆው ወዲያ ያለው መርሐ ቤቴ ዝቅና ሞቅ ያለ በመሆኑ ጤፍና ማሽላ ያመርታል። ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚፈላለጉበት ዕቃ አላቸው፤ መካከላቸው ግን ገደል ነው።

እንዲህ ባለ አገር ወሬ በነፃ አይጓዝም። አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ወርዶ፣ ወጥቶ ካላመጣው አይመጣም። ስለዚህም ወሬው ሁልጊዜ ከሁለቱ ተገበያዮች ወደ አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ትርፉም የሚያድረው ቀድሞ በደረሰበት ቤት ነው። ታሪኩን ስንከተል የምናየው መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ወሬው ሲፈጥን ነው። ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ ወሬው የደረሰው ለማን ነው?

የበጉ ቀጠሮ

የመንዝ በግ ነጋዴ ከዋጋ በፊት ማወቅ ያለበት ቀን ነው። የበግ ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው በበዓልና በጾም ነውና። ዘመን መለወጫና ገና ቀናቸው የታወቀ ነው። ፋሲካ ግን በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ ቢፈጥን መጋቢት 26፣ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ቀን ይውላል። ከፋሲካ በፊት ያለው ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል። በእነዚህ 55 ቀናት ጿሚው ሕዝብ ሥጋ አይበላም፤ የበግ ፈላጊም ይጠፋል። በጾም መካከል በጉን ለመሸጥ የተገደደ ገበሬ ባዶ ገበያ ላይ ይቆማል።

ይህን የ34 ቀን ልዩነት አስቀድሞ የሚያሳውቀው ባሕረ ሐሳብ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ እያሉ የሚቆጥሩት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥራቸው ለጸሎትና ለሥርዓት እንጂ ለንግድ የታሰበ አይደለም። ሆኖም ዘመን ሲለወጥ «ዘንድሮ ጾም በዚህ ቀን ይገባል፣ ፋሲካ በዚህ ቀን ይውላል» ተብሎ ሲነገር፣ በግ አርቢውም በዚያው ቀን የዓመቱን የገበያ ካርታ ያገኛል። ጠቦቱን መቼ እንደሚያኮላሽ፣ ሙክቱን መቼ ማድለብ እንደሚጀምር፣ የትኛውን በግ ለየትኛው በዓል እንደሚያቆይ ያሰላል። ፋሲካ ቀድሞ የዋለ እንደሆነ በጉ ከደረቁ ወራት ሳያገግም፣ የበልጉ ሣር ሳይደርስለት ለገበያ መቅረቡን ያውቃል። ከገደሉ በታች በይፋት ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቹ ደግሞ ረመዳንና አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው እንደሚመጡ በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ የአረፋ በግ የሚሸጥም ይህን ሳያውቅ አይነግድም።

እንግዲህ በዚህ አገር ንግድን ያገለገለ የመጀመሪያው የኢንፎርሜሽን መሣሪያ የቀን ቆጠራ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። ደግሞም አንድ ትልቅ ባሕርይ አለው። ለገዢውም ለሻጩም፣ ለባለ መቶ በጉም ለባለ አንዷም እኩል ይነገራል። የሚደብቀው የለም። ከዚህ በኋላ የሚመጡት መሣሪያዎች ሁሉ ይህን ያህል እኩል ሆነው አልተገኙም።

ገበያው ራሱ ጋዜጣ ሲሆን

ሕዝብ በአንድ ላይ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ስለ ነበር መንግሥትም ቃሉን የሚያስነግረው ገበያ ላይ ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር የሰማ ላልሰማው እንዲያሰማ ይታዘዛል። ይህ ትእዛዝ ለዛሬ ሰው የወግ ማሳመሪያ ይመስለው ይሆናል። ለዚያን ጊዜ ግን ሥራ ያለው የማሠራጫ ዘዴ ነበር፤ እያንዳንዱ ገበያተኛ ወደ መንደሩ ሲመለስ የአዋጁ ተሸካሚ ይሆናልና። ከአዋጁ ጋርም የእህልና የጨው ዋጋ፣ የሽፍታና የወረርሽኝ ወሬ አብሮ ይጓዛል።

ወሬ እንዴት በኬላ ሊያዝ እንደሚችል ለማየት ግን ከመንዝ ወረድ ብሎ አንኮበር ስር ወዳለው ዓልዩ አምባ መሄድ ያስፈልጋል። ከመንዝ የተነሣው የሸዋ ነገሥታት ቤት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለትም እስከ 1840 ዓ.ም ድረስ፣ መቀመጫው በአንኮበር አካባቢ ነበር። ከባሕር ዳርቻ ከታጁራ፣ ከሐረርና ከአፋር በረሃ የሚመጣው ነጋዴ የሚያርፈው ደግሞ በዓልዩ አምባ ነበር። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያ ጨው፣ ጨርቅና የውጭ ዕቃ ከደጋው ምርት ጋር ይለዋወጣል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሻምበል ሐሪስና በዚያው ሰሞን በከተማይቱ የተቀመጠው ቻርልስ ጆንስተን ስለዚህ ገበያ በመጻሕፍቶቻቸው ብዙ ጽፈዋል።

ከዕቃው ብዛት ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ደንቡ ነው። ከባሕር የመጣ ነጋዴ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ዓልዩ አምባን አልፎ ወደ መሐል አገር መግባት አይችልም ነበር። ወርቁ፣ ቡናውና የዝሆን ጥርሱ ከሚነሣበት አገር ያለውን ዋጋ በዓይኑ አያይም፤ የመሐል አገሩም ሰው ታጁራ ላይ ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ አያውቅም። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት ንጉሡ በሚቀርጥበትና ንጉሡ በሚያየው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓልዩ አምባ የዕቃ ኬላ ብቻ ሳትሆን የወሬም ኬላ ነበረች ማለት ይቻላል። የሁለቱን ጫፍ ዋጋ አብሮ የሚያውቅ ከመካከል የተቀመጠው ነበር፤ ትርፉም እንዲሁ።

በአውሮፓም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የታወቀው የዜና ወኪል የሮይተር መሥራች በ1842 ዓ.ም ግድም በአኸንና በብራስልስ መካከል የቴሌግራፍ ሽቦ ያልደረሰበትን ርቀት በእርግብ እየሸፈነ የአክስዮን ዋጋ ይሸጥ ነበር። እርግቢቱ ከባቡሩ ትፈጥናለች፤ በዚያች የጊዜ ልዩነት ውስጥም እንጀራ ነበረ። የእርሱ ብልሃት የዋጋ ወሬ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን ማወቁ ነው።

ስልኩ የመንግሥት ነበር

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም ነው። ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው ይዘውት እንደ መጡ ይነገራል፤ መጀመሪያ የተዘረጋውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ነበር። በ1886 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ወጡ። ቀጥሎም የአዲስ አበባና የሐረር መስመር፣ በ1890ዎቹ ደግሞ የአዲስ አበባና የአሥመራ ቴሌግራፍ ተዘረጋ።

እነዚህ ሽቦዎች ከሁሉ በፊት የአገዛዝ መሣሪያዎች ነበሩ። የሩቁ ሹም ግብሩን፣ ሠራዊቱን፣ የአገሩን ጸጥታ ለዙፋኑ ያሳውቅበታል፤ ከላይም ትእዛዝ ይወርድበታል። ነጋዴው የተጠቀመበት መስመሩ የንግዱን መንገድ ተከትሎ በሄደበት ብቻ ነው። የሐረርና የጅቡቲ ነጋዴ የቡና ዋጋን በቴሌግራም መጠየቅ ሲጀምር፣ የጌራ ምድር ገበሬ የበጉን ዋጋ የሚሰማው አሁንም ከገበያ ከተመለሰ ጎረቤቱ ነበር። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው ተረት በዚህ ዘመን ለገበሬው የደኅንነት መመሪያው ነበር፤ ጎረቤት የሰማውን እንጂ ያየውን ብቻ አያወራምና።

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928-1933 ዓ.ም) የጣርማ በር ዋሻ ተቆፍሮ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄደው የመኪና መንገድ ተሠራ። መንገዱ የመንዝን ጫፍ ነክቶ አልፎ ወረደ። መንዝ የራስ አበበ አረጋይና የሌሎች አርበኞች መጠጊያ ነበርና ለጠላት መንገድ አልተመኘም ይሆናል። ከነፃነት በኋላ ግን ከዋናው መስመር ውጭ መቅረት በንግድ ዋጋ አስከፍሎታል። መርሐ ቤቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጋር የተገናኘው በሌላ አቅጣጫ፣ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ በሚደርሰው መንገድ ነው። በውጤቱ የሁለቱ ጎረቤታሞች ዕቃ በጭነት መኪና የሚገናኘው አዲስ አበባ ሆነ። ዋጋውም እንዲሁ ከአዲስ አበባ ይነሣ ጀመር።

በ1945 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመና ስልክ ወደ ክፍላተ ሀገር ከተሞች በሰፊው መዝለቅ ጀመረ። በ1950ዎቹም የመጀመሪያዎቹ የአይ ቢ ኤም የሒሳብ ማሽኖች አዲስ አበባ ገቡ፤ ከቀዳሚዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ የምድር ባቡር ኩባንያው ነበር። ትኬት፣ ጭነትና ደመወዝ የሚቆጥር ሁሉ ማሽን ያስፈልገዋል፤ ባንኩና መብራት ኃይሉም ተከተሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ። ማሽኑ የገባው አስቀድሞ መዝገብ ወደ ነበረበት ቤት ነው። መዝገብ ያልነበረው ቤት ማሽኑ የሚቆጥርለት ነገር አልነበረውም።

ባናና ብርድ ልብስ

የዚህን ትርጉም ለመረዳት የመንዝን ሱፍ ማየት ይበቃል። የመንዝ በግ ላቱ አጭር፣ ጸጉሩ ሻካራና ረዥም፣ ከደጋው ብርድ ጋር የተላመደ ነው። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ባና ለብሶ በረዶ ያሳለፈ ደገኛ ብዙ ነው። የባናው ዋጋ ግን የት ተጽፎ ያውቃል? የሱፉ ሚዛን፣ የፈታይዋ ቀን፣ የሸማኔው ድካም በአእምሮ እንጂ በወረቀት አልተያዘም። ሸማኔው ገበያ ሲወጣ የሚያውቀው ባለፈው ሳምንት የሸጠበትን ብቻ ነው።

በ1957 ዓ.ም በደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካ ተቋቋመና የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ፋብሪካ የኪሎ መግቢያና መውጫ፣ የእያንዳንዱን ብርድ ልብስ ወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ዋጋ በመዝገብ የሚይዝ ድርጅት ነው። የት ቦታ እንደሚከስርና የት እንደሚያተርፍ በዓመቱ መጨረሻ ያውቃል። ባናና ብርድ ልብስ ገበያ ላይ ሲገናኙ የተፎካከሩት እጅና ሞተር ብቻ አልነበሩም። ትዝታና መዝገብም ተፎካክረዋል። ሸማኔው ስለ ዕቃው ጥራት ከማንም የበለጠ ያውቅ ነበር፤ ስለ ዕቃው ዋጋ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነበር።

ደላላው

በመኪናው ዘመን የዋጋ ወሬ ባለቤት የሆነው ደላላው ነው። በከተማ አፍ ደላላን መርገም ቀላል ነው፤ ሥራውን ሳያውቁ መርገም ግን ታሪክን አያስረዳም። ደላላው ሾላ ገበያ ላይ ትናንት ስንት ሙክት እንደገባ፣ ስንቱ ሳይሸጥ እንዳደረ፣ የትኛው ነጋዴ መኪና እንደያዘና የትኛው ገንዘብ እንዳጠረው ያውቃል። ገዢና ሻጭ ሳይተዋወቁ ቢጣሉ የሚዳኛቸው እርሱ ነው። በአጭሩ ስልክ ባልነበረበት ስልክ፣ ጋዜጣ ባልነበረበት ጋዜጣ ነበር።

ችግሩ የሚያውቀውን ለሁለቱም ወገን እኩል አለመንገሩ ነው። ገበሬው በጉን እየነዳ ግማሽ ቀን ተጉዞ ገበያው አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ መንገድ ላይ ጠብቀው የሚገዙ ሰዎች ያገኙታል። ወገቡን ዳብሰው፣ ላቱን በእጃቸው መዝነው፣ ጥርሱን አይተው ዋጋ ይጠሩለታል። ሚዛን የለም፤ ሁሉም በዓይን ግምት ነው። በዓይን ግምት በሚሠራ ገበያ ደግሞ በቀን መቶ በግ የሚዳብስ እጅና በዓመት ሁለት በግ የሚሸጥ እጅ እኩል አይሆኑም። ጸጉሩ ጥቁር የሆነ በግ በገበያው ዋጋው ዝቅ እንደሚል ሻጩ ራሱ ያውቃል፤ ምን ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሬዲዮው በበዓል ዋዜማ የአዲስ አበባን የበግ፣ የዶሮና የቅቤ ዋጋ መዘገቡ አልቀረም። ይሁንና ዘገባው ለከተማው ሸማች የተሰናዳ ነው፤ ለገበሬው ሲደርስ በጉ ተሽጦ፣ ምናልባትም ታርዷል።

የእጅ ስልክ መጣ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም፣ የእጅ ስልክ ደግሞ በሚያዝያ 1991 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራ ጀመሩ። ወዲያው ቀጥሎ፣ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ወረዳ ኔት የተባለው በሳተላይት የሚሠራ መስመር የወረዳ አስተዳደሮችን ከማዕከል ጋር አገናኘ። አንባቢ ልብ ይሏል፤ ልክ እንደ ምኒልክ ዘመን ስልክ አዲሱ መሣሪያ አስቀድሞ ያገለገለው ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን የመንግሥት ቃል ነው። የእጅ ስልኩ ግን በጊዜ ብዛት ገበሬው ኪስ ገባ። ይህ በታሪክ የመጀመሪያ ነው። ከመንዝ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ በአዲስ አበባ ያለውን ዘመድ «ሾላ ላይ ሙክት ስንት ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ተቻለ።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግብይት ጀመረ። የቡና፣ የሰሊጥና የሌሎችም ሰብሎች የዕለት ዋጋ በየአካባቢው በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችና በስልክ ለሕዝብ መሰማቱ አዲስ ነገር ነበር። በ2006 ዓ.ም ማሾ ወደዚህ ገበያ ሲገባ፣ ማሾ አምራች የሆነው የሰሜን ሸዋ ቆላ ገበሬ በአደባባይ የሚነገር ዋጋ አገኘ። ከእርሱ በላይ ገደሉ ራስ ላይ ያለው የመንዝ በግ ግን እንዲህ ያለ ሰሌዳ አላገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሾ ይመዘናል፣ በደረጃ ይለያል፣ በመጋዘን ይቀመጣል፤ «ደረጃ አንድ» ሲባል ገዢው ሳያየው ምን እንደሆነ ያውቃል። በግ በዓይን ግምት የሚሸጥ እስከሆነ ድረስ «የበግ ዋጋ ይህን ያህል ነው» ማለት ለማንም ብዙ አይነግርም። የትኛው በግ?

በሕንድ በኬራላ የባሕር ዳርቻ የሆነው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ከ1989 እስከ 1993 ዓ.ም ባሉት ዓመታት የእጅ ስልክ በየተራ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ደረሰ። ከዚያ በፊት በአንድ ማለዳ አንዱ ዳርቻ ላይ ገዢ ጠፍቶ ዓሣ ሲደፋ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ሌላ ዳርቻ ገዢ ዓሣ አጥቶ ይመለስ ነበር። ስልክ ሲመጣ አጥማጁ ገና ባሕር ላይ ሳለ እየደወለ ገዢ ወዳለበት ቀዘፈ፤ የዋጋው ልዩነት ጠበበ፣ የሚደፋውም ዓሣ ቀረ ለማለት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም የታተመው ይህ ጥናት ለብዙዎች ተስፋ ሰጠ።

በእኛ አገር ግን በ2007 ዓ.ም የታተመ ሌላ ጥናት ያገኘው ከዚህ ይለያል። ስልክ የያዙ ገበሬዎች ቁጥር ቢያድግም ስልካቸውን የዋጋ መረጃ ለመፈለግ የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ነበሩ፤ በሚሸጡበት ዋጋ ላይ የታየው ለውጥም ትንሽ ነበር። ለምን? የኬራላው አጥማጅ ጀልባ አለው፤ አንዱ ዳርቻ ካልተስማማው ወደ ሌላው ይቀዝፋል። የመንዙ ገበሬ ሁለት በግ ነድቶ፣ ግማሽ ቀን ተጉዞ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ወይም የልጅ ትምህርት ወጪ እያሰበ ነው ገበያ የሚደርሰው። ሾላ ላይ ዋጋው እጥፍ መሆኑን በስልኩ ቢሰማም ሁለት በግ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና የለውም፤ ወደ ቤቱ ነድቶ ቢመለስም ዕዳው ይጠብቀዋል። ወሬ ምርጫ ላለው ሰው ገንዘብ ነው፤ ምርጫ ለሌለው ሰው ግን ጸጸት ይሆናል።

ቁጥር የተጻፈበት ጆሮ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ያሳዝን ነበር። በ2001 ዓ.ም ግን በመንዝ፣ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ፣ ብዙ ያልተወራለት ሌላ ሥራ ተጀመረ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ በኅብረተሰቡ ተሳትፎ የሚካሄድ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮግራም መሠረተ። ተመሳሳይ ሥራ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይም ተጀመረ።

ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ በግ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል። ጠቦቱ ሲወለድ ቀኑ፣ እናቱ፣ መንታ መሆን አለመሆኑ በመዝገብ ይጻፋል። ሲወለድ፣ ጡት ሲተውና ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። መዝጋቢው በየቤቱ እየዞረ የጻፈው ወደ ምርምር ማዕከሉ ሄዶ በኮምፒዩተር ይሰላል፤ የትኛው ጠቦት ከወላጆቹ በተወረሰ ዘር፣ የትኛው በተሻለ ሣር ምክንያት እንደፈጠነ ይለያል። ከዚያ በኋላ ገበሬዎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው የተመረጡትን ወጣት አውራ በጎች እያዩ፣ በቁጥሩ ላይ የራሳቸውን መመዘኛ ማለትም ቀለሙን፣ ላቱንና ቁመናውን ጨምረው ይወስናሉ። የተመረጠው አውራ በግ በጋራ ይያዛል፤ ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል።

ከዚህ በፊት የነበረውን ልማድ ስናስታውስ የነገሩ ክብደት ይገባናል። ቶሎ ያደገ ጠቦት ቶሎ ገንዘብ ያወጣል። ችግር ያለበት ቤት ቀድሞ የሚሸጠው እርሱን ነው። ለዘር የሚቀረው ገዢ ያልፈለገው፣ የቀጨጨው ይሆናል። እንዲህ እየሆነ መንጋው ሳይታወቅ ከዓመት ዓመት ምርጡን እያጣ ይሄድ ነበር። ይህን የሚያደርገው ገበሬው ስለ በግ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የአንዷን እናት በግ ታሪክ ጠይቁት፣ ከነአያቷ ይነግራችኋል። የጎደለው የአሥር ቤት መንጋ በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ መታየቱ ነበር። ያንን ትዝታ ብቻውን አያደርገውም።

ከዚያ ወዲህ የታተሙ የምርምር ውጤቶች የስድስት ወር ክብደት ከዓመት ዓመት መሻሻሉን ያሳያሉ። መሻሻሉ በመንዝ ከቦንጋው ዝግ ያለ ነው፤ ብርዱና የሣሩ ማነስ ቀላል አይደሉምና። ለእኛ ጉዳይ ግን ከኪሎው ይልቅ ሌላው ነገር ይበልጣል። የመንዝ ገበሬ በጉ ስንት እንደሚመዝን፣ መቼ እንደተወለደና ከማን እንደተወለደ የሚናገር ወረቀት ያዘ። ይህን የያዘ ሰው ለዘር የሚሆን አውራ በግ ሲሸጥ የሚሸጠው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈ ታሪክም ይሸጣል። ገዢው ከመዳበሱ በፊት ሻጩ የሚያውቀው ነገር አለ። ወሬው በዚህ ጊዜ ቀድሞ የደረሰው ለባለ በጉ ነው።

መስመር ሲቋረጥ

በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ገንዘብም እንደ ወሬ በስልክ መጓዝ ቻለ። ከኬንያው ኤም ፔሳ 14 ዓመት ያህል ዘግይቶ ቢመጣም ለደገኛው ነጋዴ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የበግ ሽያጭ ብር በወገቡ ታጥቆ በገደል መንገድ መሄድ ምን እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ በስልክ ላይ የቆመ ንግድ ሁሉ ወደ እግሩ ለመመለስ ተገደደ፤ ጥሬ ብር መያዝ፣ ሰው መላክ፣ የሰው አፍ ማመን እንደገና ሥራ ሆኑ። ወሬ በኬላ የሚያዝበት ዘመን ከዓልዩ አምባ ጋር ያለፈ መስሎን ከነበረ አላለፈም። መስመሩ የሚዘጋውና የሚከፈተው በሌላ እጅ ሲሆን የንግዱ ዕድልም በዚያው እጅ ነው። የጆሮ ቁጥሩና የክብደት መዝገቡ ግን መስመር ቢኖርም ባይኖርም በገበሬው ቤት ይነበባሉ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? በዚህ ደጋ ላይ ባሕረ ሐሳብ ቀኑን ለሁሉም እኩል ነገረ። ኬላው ወሬውን ለአንድ ወገን አስቀረ። የምኒልክ ስልክ ለሹሙ፣ ማሽኑ መዝገብ ለነበረው፣ የደላላው አንደበት ለመኪና ባለቤቱ አገለገሉ። የእጅ ስልክ የሩቁን ገበያ ዋጋ ለሁሉ አሰማ፤ ነገር ግን የገዛ ዕቃውን ልክ የማያውቅ ሻጭ የሩቁን ዋጋ በማወቁ ብቻ አልተጠቀመም። በመንዝ ነገሩን የለወጠው ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ፈጣኑ አልነበረም። የጆሮ ቁጥር፣ የተንጠለጠለ ሚዛንና ቀን የተጻፈበት ደብተር ነበሩ፤ ኮምፒዩተሩ ሥራ ያገኘው ከእነርሱ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለገጠሩ ንግድ ቴክኖሎጂ እናዳርስ የሚሉ ሁሉ ሰሌዳና ስልክ ከማሰባቸው በፊት አንድ ትንሽ ጥያቄ ቢያስቀድሙ ይበጃል። ገበያው አፋፍ ላይ ሚዛን አለ ወይ? ሚዛን በሌለበት የበግ ተራ የሚነገር ዋጋ የገዢው ግምት ነው፤ በስልክ ቢነገርም፣ በሳተላይት ቢነገርም ያው ነው። ሚዛን ካለ ግን ገበሬው የስልኩን ወሬ በኪሎ አካፍሎ፣ ሐሳብ ጨምሮበት፣ «አይሆንም፣ ይዤው እመለሳለሁ» ለማለት የመጀመሪያውን ምክንያት ያገኛል።